ባንክ ልግባ ወይስ ጨው የሚችል ሩዝ ላይ ልስራ?

ሰላም እህቴ። ከጎንደር ማራኪ የጻፍሽልኝን አነበብኩት። ባዮቴክ ማስተርስ ጀምረሻል፣ ጨው የሚችል፣ ማለትም ጨዋማ አፈር ላይ የሚበቅል ሩዝ በሚውቴሽን (ጂኑን በመለወጥ) እና በቲሹ ካልቸር (ከተክል ቁራጭ በጠርሙስ በማሳደግ) መስራት ትፈልጊያለሽ፣ አባትሽ ደሞ "ሳር በጠርሙስ ማሳደግ ምን ስራ ነው፣ ባንክ ግቢ" ይሉሻል፣ በዛ ላይ በሁለት ዓመት ዝርያ ካልወጣ ጊዜዬን አቃጠልኩ ብለሽ ፈርተሻል።

ከባንኩ ልጀምር፣ ያናደደኝ እሱ ነው። ታናናሾችሽ ገና ተማሪ ስለሆኑ አባትሽ ደሞዝ ቶሎ እንዲመጣ መፈለጋቸው ይገባኛል፣ ግን ባንክ በር ላይ አካውንቲንጉም ማኔጅመንቱም ተሰልፏል፣ አንቺ ያለሽን ሙያ ጥለሽ እዛ ብትሰለፊ ማንን ትቀድሚያለሽ? አባትሽን እያከበርሽ እምቢ ማለት ትችያለሽ። እኔ ብዙ ዓመት የሰራሁት ሙዝ ችግኝ የሚያባዛ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ ሚዲያ (የጠርሙሱን ምግብ) በትክክል የሚቀምምና ላሚናር ሁድ (ንጹህ አየር የሚነፍስበት ሳጥን) ስር ሳያስበክል የሚቆርጥ ሰው እንዴት እንደሚፈለግ አይቻለሁ፣ በሩዝ የለመደ እጅ ነገ ድንችም ሸንኮራም ላይ ይሰራል። ስለዚ ለአባትሽ "ስመረቅ ይሻላል" ብቻ አትበያቸው፣ መቼ እንደምትጨርሺና እስከዛ እያስጠናሽም ቢሆን በወር ስንት እንደምታግዢ ጽፈሽ አሳዪያቸው።

ሁለት ዓመት ለዝርያ አይበቃም፣ ቁርጡን እወቂው። በጋማ ጨረር የተመታ ዘር መጀመሪያ ትውልዱ ላይ ብዙም ለውጥ አያሳይም፣ አብዛኛው ሚውቴሽን ሪሰሲቭ (ከሁለቱም ወገን ካልተወረሰ የማይታይ) ስለሆነ ኤም 2፣ ማለትም ሁለተኛው ትውልድ ላይ ነው የሚወጣው፣ ከዛ በኋላ ገና የብዙ ዓመት የማሳ ሙከራ አለ። ቬትናሞችም አይአር 64 የሚባለውን ሩዝ በጋማ መትተው ጨው የሚችለውን ቪኤንዲ 95-20 የተባለ ዝርያ ያገኙት በአንድ ተማሪ ቴሲስ አይደለም። ስለዚ ፕሮፖዛሉ ላይ ዝርያ አወጣለሁ አትበይ፣ ካለሱን (ገና ቅጠልና ስር ያላወጣውን የሴል ክምር) ጨው ባለበት ሚዲያ አጣርቼ የተረፈውን ወደ ተክል እመልሳለሁ፣ ጊዜ ከበቃኝ ዘሩን ደግሞ ችግኝ ላይ በጨው እፈትናለሁ በይ። ይቺን የመጨረሻዋን በተቻለሽ መጠን አትዝለዪያት፣ ጠርሙስ ውስጥ ጨው የለመደ ካለስ ሁሉ ተክል ሲሆን ጨው ይችላል ማለት አይደለም፣ ቢችልም ለዘሩ ላያወርስ ይችላል፣ ይሄን ሳይፈትሹ "ተገኘ" የሚሉ ስራዎች በጣም ያሳዝኑኛል።

ደሞ እናንተ ጋ ሩዝ የሚመረትበት የፎገራ ዋና ችግር ጨው አይደለም፣ ጨዉ ያለው አዋሽ ሸለቆ አሚባራ አካባቢ ነው፣ ቴሲስሽን ስታቀርቢ ዲፌንስ ላይ ይጠይቁሻል ተዘጋጂ። ለዘርና ለምክር ግን ወረታ ያለው የሩዝ ምርምር ማዕከል ይቀርብሻል፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ሂጂ። ጋማ የለንም ላልሽው፣ የፋኦና የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኤጀንሲ የጋራ ላብራቶሪ ኦስትሪያ ውስጥ ለአባል አገራት ዘር በጨረር ይመታል፣ በዩኒቨርሲቲሽ በኩል ጠይቂ። ጂኤምኦ (ባዕድ ጂን የገባበት ተክል) ነው ወይ ላልሽው አይደለም፣ ከሌላ ፍጥረት ጂን አይገባበትም።

ርዕሱን ከማስጸደቅሽ በፊት ግን አድቫይዘርሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፣ መብራት ሲጠፋ የካልቸር ክፍሉን የሚይዝ ጀነሬተር አለ? ነዳጁንስ ማን ይከፍላል? መልሱን ይዘሽ ጻፊልኝ።