ርካሹ የጤና መድን የትኛው ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ከጎንደርና ከአካባቢዋ ከደረሱን የጤና መድን ጥያቄዎች አምስቱን ለዚህ እትም መርጠናል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የሚያነጻጽሩት አረቦንን (ለመድኑ የሚከፈለውን ገንዘብ) ከአረቦን ጋር ነው። እኛ ደግሞ በየመልሱ ሌላ ነገር እንጠይቃለን፦ ክፉ ዓመት ቢመጣ ከኪስዎ ስንት ይወጣል?

ጥያቄ፦ ጎንደር አራዳ ክፍለ ከተማ የልብስ ሱቅ አለኝ። 34 ዓመቴ ነው፣ ትዳር አልያዝኩም። ሁለት ኩባንያዎች ለግል የጤና መድን ዋጋ ሰጥተውኛል፤ አንደኛው በዓመት 9,000 ብር፣ ሌላው 15,000 ብር ይላል። ብዙም አልታመምም። ለምን 6,000 ብር ጨምሬ እከፍላለሁ?

መልስ፦ የላኩልንን ሁለቱን የዋጋ ማቅረቢያዎች አንብበናል። ባለ 9,000 ብሩን «ሀ»፣ ባለ 15,000 ብሩን «ለ» እንበላቸው።

«ሀ» ለተመላላሽ ሕክምና በዓመት እስከ 5,000 ብር፣ ለአልጋ ሕክምና እስከ 60,000 ብር ይከፍላል። ከተመላላሽ ሕክምና ወጪዎ በዓመት የመጀመሪያውን 1,000 ብር እርስዎ ይችላሉ (ኤክሰስ የሚሉት ይህንን ነው)፤ ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ሂሳብ 20 በመቶውን ይጋራሉ። «ለ» ኤክሰስ የለውም። የእርስዎ ድርሻ 10 በመቶ ነው፤ ጣሪያው ለተመላላሽ 12,000፣ ለአልጋ 200,000 ብር ነው።

ሦስት ዓይነት ዓመት አስበን ሂሳቡን ሠርተነዋል። የሕክምናውን ወጪ ለስሌት ያህል የወሰድነው እኛ ነን።

በደህናው ዓመት ጉንፋንና የሆድ ሕመም ብቻ አጋጥሞዎት 3,000 ብር ለተመላላሽ ሕክምና ወጣ እንበል። በ«ሀ» 9,000 አረቦን፣ 1,000 ኤክሰስ፣ ከቀሪው 2,000 ደግሞ 400 ብር፣ ጠቅላላ 10,400 ይከፍላሉ። በ«ለ» 15,300 ይሆናል። መድን ባይኖርዎት ኖሮ 3,000 ብር ብቻ ነበር። እስከዚህ ድረስ እውነትዎን ነው።

በመካከለኛው ዓመት ትርፍ አንጀት ተነሥቶ በግል ሆስፒታል 30,000 ብር ለአልጋ ሕክምና፣ 10,000 ደግሞ ለተመላላሽ ወጣ። «ሀ» ከተመላላሹ 5,000 ብር ከፍሎ ጣሪያው ይነካል፤ ሌላውን 5,000 እርስዎ ይሸፍናሉ። በዚያ ላይ የአልጋው 20 በመቶ 6,000 ብር አለ። ከአረቦኑ ጋር ተደምሮ 20,000 ብር መጣ ማለት ነው። በ«ለ» 1,000 ብር ለተመላላሽ፣ 3,000 ለአልጋ፣ 15,000 አረቦን፣ ጠቅላላ 19,000 ብር ነው። ርካሹ ተወደደ።

በክፉው ዓመት የአልጋው ሂሳብ 180,000፣ ተመላላሹ 15,000 ደረሰ። «ሀ» ከአልጋው 60,000 ብር ከፍሎ ይቆማል፤ 120,000 በእርስዎ ጫንቃ ይቀራል። የተመላላሹ 10,000ና አረቦኑ ሲጨመር 139,000 ብር ይሆናል። በ«ለ» የአልጋው ድርሻዎ 18,000፣ የተመላላሹ 3,000 ነው፤ ከአረቦኑ ጋር 36,000 ብር። ልዩነቱ 103,000 ብር ነው። በየዓመቱ የሚተርፍዎትን 6,000 ብር ሳይነኩ ቢያጠራቅሙ ያን ገንዘብ ለመሙላት ከ17 ዓመት በላይ ይፈጃል።

ስለዚህ ከሁለቱ «ለ»ን እንመርጣለን፤ ነገር ግን ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ነገር ያጣሩ። የመጀመሪያው ሕክምናው በዱቤ ነው ወይስ ከፍለው የሚመለስልዎት የሚለው ነው። በዱቤ ከሆነ ካርድ አሳይተው ይታከማሉ፣ ሆስፒታሉ ከኩባንያው ጋር ይተሳሰባል። ዱቤው የሚሠራባቸውን ተቋማት ዝርዝር በጽሑፍ ይቀበሉና ጎንደር ውስጥ ያሉትን ብቻ ይቁጠሩ። አዲስ አበባ ያሉ ሃያ ሆስፒታሎች አራዳ ላለ ሰው ሌሊት ትርፍ አንጀቱ ሲነሣ ምንም አይሠሩለትም። ከፍለው የሚመለስልዎት ከሆነ ደግሞ 30,000 ብሩን በዚያች ቀን ከየት ያመጣሉ? ካሳው የሚወሰነው በጎንደሩ ቅርንጫፍ ይሁን ፋይሉ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተልኮ፣ በስንት ቀን ውስጥም እንደሚከፈል ይጠይቁ። ኦርጅናል ደረሰኝ፣ ማህተም ያለው የሐኪም ማስረጃ፣ የመድኃኒት ማዘዣና የላቦራቶሪ ውጤት አንድ ላይ ይያዙ፤ ከማስረከብዎ በፊት ሁሉንም ኮፒ ያድርጉ። ካሳ ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች አንዱ ማዘዣ የሌለው የመድኃኒት ደረሰኝ ነው።

ሁለተኛው በትልቁ ጣሪያ ሥር የተደበቁት ትንንሽ ጣሪያዎች ናቸው። «200,000 ብር» ከሚለው በታች «አልጋ በቀን እስከ…»፣ «ቀዶ ሕክምና እስከ…»፣ «ኤምአርአይና ሲቲ ስካን እስከ…» የሚሉ መስመሮች አሉ። ቀዶ ሕክምናው በ40,000 ከተገታ 200,000 የሚለው ቁጥር ለጌጥ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። እርስዎ ተቀጥረው በደመወዝ የማይተዳደሩ ነጋዴ ስለሆኑ በማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መታቀፍ ይችላሉ። መዋጮው ከሁለቱም አረቦኖች ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በጣም ያነሰ ነው። ጎንደር ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያለባት ከተማ ናት፤ በሪፈር እዚያ ድረስ መታከም ማለት ቀላል ነገር አይደለም። መጀመሪያ እሱን ይግቡ፤ የግሉን መድን ወረፋን ለማሳጠርና የግል ሆስፒታል ለመምረጥ ከፈለጉ በላዩ ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ማራኪ ነው የምኖረው። እናቴ ደምቢያ በጤና መድን ታቅፋለች፤ አሁን ግን ብዙውን ጊዜ ከእኔ ጋር ናት። ጎንደር ወደ ሆስፒታል ስወስዳት «ካርዱ አይሠራም» ተባልኩ። ዘንድሮ 18 ዓመት የሞላው ወንድሜስ በእሷ ካርድ ይታከማል?

መልስ፦ እህታችን፣ ካርዱ አልተበላሸም፤ መንገዱ ነው የተዘለለው። የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ገንዘብ የሚሰበሰበውና ውል የሚዋዋለው በየወረዳው ወይም በየከተማው ነው። የእናትዎ ወረዳ ደምቢያ ስለሆነ መነሻቸው እዚያ ውል ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ቆላድባ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ሪፈር ይጽፋል። ሪፈሩ ማህተም፣ ቀንና የካርዱ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩ ከተረሳ ካርድ ክፍል ላይ ይመልሷችኋል፤ ስለዚህ ከጤና ጣቢያው ሳትወጡ ወረቀቱን አንብቡት። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪውን በሙሉ ወይም በከፊል ራሱ ይሸፍናል።

ድንገተኛ ሕመም ሲሆን የሪፈሩ ነገር ይቀራል፤ ካርዱ ግን ታማሚዋ ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ይቅረብ። ከተከፈለ በኋላ ገንዘብ ማስመለስ አድካሚ ነው።

እናትዎ ኑሯቸውን ጠቅልለው ጎንደር ካደረጉ መፍትሔው ምዝገባውን ማዛወር ነው። ከደምቢያ ቀበሌያቸው መሸኛ አውጥተው በእናንተ ቀበሌ የነዋሪነት መታወቂያ ያውጡና በሚቀጥለው የምዝገባ ወቅት እዚህ ይመዝገቡ። የደምቢያውን ካርድ የአገልግሎት ዘመን ሳይጨርሱ አይጣሉት፤ በመካከል ያለ ካርድ የሚያልፉ ወራት ሊኖሩ ይችላሉ።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ ቤተሰብ ተብሎ በአንድ መዋጮ የሚታቀፈው ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። 18 የሞላው ከወላጆቹ ጋር ቢኖርም ተጨማሪ ክፍያ ይከፈልበታል፤ ፎቶውም ካርዱ ላይ ይለጠፋል። ፎቶው የሌለ ሰው «ስሜ እኮ አለ» ቢል አይሰማም።

ሌላው የተለመደ ችግር እድሳት ነው። ምዝገባው ከመኸር በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል፤ ያመለጠው ዓመቱን ሙሉ ይጠብቃል። መድኃኒት ከተቋሙ ሲጠፋም «ውጭ ግዙ» ይባላል። ያኔ ዝም ብላችሁ ወደ ቅርቡ መድኃኒት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማህተም አስደርጉና መድኑ ውል የገባበት መድኃኒት ቤት መኖሩን ጠይቁ። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከጎንደር ብዙም የማትርቀው ፎገራ አንዷ ነበረች፤ የመድኃኒት እጥረቱ ቅሬታ ከዚያ ጀምሮ የዘለቀ ነው።

ጥያቄ፦ የደም ግፊት አለብኝ፤ በኪኒን ነው የምቆጣጠረው። የመድን ወኪሉ «ካልጻፍከው ማን ያውቃል፣ አረቦኑም ይቀንስልሃል» አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ይጻፉት። በ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 668 መሠረት ሆን ብሎ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ዋጋ ያጣበታል፤ የከፈለው አረቦንም አይመለስለትም። ወኪሉ ግን ኮሚሽኑን በልቶ ሄዷል።

«ማን ያውቃል» ለሚለው መልሱ የእርስዎ የሕክምና ካርድ ነው። በስትሮክ ወይም በልብ ሕመም አልጋ ሲይዙ ሐኪሙ ገና በመጀመሪያው ገጽ «ለ6 ዓመት የታወቀ የደም ግፊት፣ አምሎዲፒን ይወስዳል» ብሎ ይጽፋል። ኩባንያው ትልቅ ካሳ ከመክፈሉ በፊት የሚጠይቀው ያንን ገጽ ነው።

ሲናገሩ ከሦስቱ አንዱ ይሆናል፦ አረቦን ይጨምሩብዎታል፣ ለዚያ ሕመም የመቆያ ጊዜ (ካሳ የማይከፈልበት የመጀመሪያ ጊዜ) ያስቀምጣሉ፣ ወይም ጭራሹን ከሽፋኑ ያወጡታል። ሦስተኛው ከሆነ «የደም ግፊት» ብቻ ነው የወጣው ወይስ «የደም ግፊትና ከእሱ የሚመጡ ሕመሞች» የሚለውን ያስተውሉ። ሁለተኛው አጻጻፍ ኩላሊትን፣ ልብንና ስትሮክን ይዞ ይሄዳል፤ እንዲህ ከሆነ አረቦኑ ቢቀንስም አንገዛውም። በዚህ በኩል የማህበረሰብ አቀፉ መድን ይሻላል፤ ሲመዘገቡ ምን ሕመም አለብህ አይልም። በርካታ ኩባንያዎችም የጤና መድንን የሚሸጡት በቡድን ስለሆነ በነጋዴዎች ማህበር በኩል መግባት ቢቻል ጥያቄው ይቀልላል፤ ዋጋውም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው። ልጄ በዲቪ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ከገባ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሥራው ገና መድን አይሰጠውም። «አባዬ፣ ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ ይሉኛል፤ ርካሹ ብሮንዝ ነው» አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ስለ ቀኑ ይንገሩት። የዓመቱ ምዝገባ ቢያልፍም አዲስ ሕጋዊ ነዋሪ ከገባ በኋላ 60 ቀን ይሰጠዋል። ሦስቱ ሳምንት ሄዷል። ሜሪላንድ የራሷ የመድን ገበያ አላት፤ የሚመዘገበው እዚያ ነው። የመጀመሪያውን ወር አረቦን እስኪከፍል ድረስ መድኑ አይጀምርም።

የማዕድኖቹ ስም የሚያሳየው ወጪው ለኩባንያውና ለታካሚው እንዴት እንደሚከፈል ነው። በአማካይ ብሮንዝ 60፣ ሲልቨር 70፣ ጎልድ 80፣ ፕላቲነም 90 በመቶውን ይሸፍናሉ። ብሮንዝ በየወሩ ርካሽ ነው፤ ሲታመሙ ግን መድኑ ብዙ ነገር ላይ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከኪስ ሊያስወጣ ይችላል። ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ኤክሰሱን የሚቀንስ ተጨማሪ ድጎማ አለ፤ እሱ የሚገኘው ሲልቨር ላይ ብቻ ነው። አዲስ ገቢዎች ብሮንዝን አይተው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ገቢውን በትክክል ይሙላ፤ የአረቦኑ ድጎማ ከግብር ጋር ይተሳሰባል፣ አሳንሶ ከጻፈ መልስ ይባላል።

ለንጽጽሩ አንድ ሂሳብ ይበቃል፦ የወሩን አረቦን በ12 አባዝቶ የዓመቱን የኪስ ወጪ ጣሪያ (ለሕክምና እሱ ራሱ በዓመት ቢበዛ የሚከፍለውን) ይደምርበት። ያ ድምር የክፉው ዓመት ዋጋ ነው፤ የሚቆጠረው በመድኑ መረብ ውስጥ ባሉ (ከመድኑ ጋር ውል ባላቸው) ሐኪሞች ከታከመ ብቻ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ሕጉ ለአንድ ሰው የፈቀደው ከፍተኛ ጣሪያ 9,200 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱ ይሻሻላል። ከእኛ አገር የግል መድን የሚለየው ደግሞ፣ በዚያ ገበያ የሚሸጥ መድን በነባር ሕመም ምክንያት መከልከልም አረቦን መጨመርም አይችልም።

ጥያቄ፦ የመድን ኩባንያው ለወሊድ፣ ለጥርስና ለመነጽር እየለየ ተጨማሪ አረቦን ጠየቀኝ። ልጨምር?

መልስ፦ ወሊድን ለብቻው ያስቡት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በነፃ ነው፤ ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምናም እንዲሁ። የግል ሆስፒታል ካልፈለጉ ለወሊድ አይጨምሩ። ከፈለጉ ደግሞ ከእርግዝናው በፊት ይግዙ፤ የመቆያ ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከዘጠኝ ወር አያንስም። ለጥርስ የተጨመረውን አረቦን ከጥርስ ጣሪያው ጋር ያስተያዩ፤ 2,500 ብር ጨምረው ጣሪያው 3,000 ከሆነና 20 በመቶ የሚጋሩ ከሆነ ኩባንያው ቢበዛ ከከፈሉት በላይ የሚሰጥዎ 500 ብር ነው፤ እሱም ጣሪያውን የሚሞላ የጥርስ ሕክምና ካጋጠመዎት። መነጽሩንም በዚሁ መንገድ ያስሉት። ፍሬሙ የማይሸፈን ከሆነ ይተዉት።