የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆቹን ምን እናጫውታቸው?

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ። ፒያሳ አካባቢ በተከራየሁት ግቢ ውስጥ ወላጆቻቸው ከሥራ እስኪመለሱ ድረስ ልጆች እጠብቃለሁ። ልጆቹ 22 ሲሆኑ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 11 ዓመት ነው። ከትምህርት ቤት 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳሉ፤ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ወላጆች አንድ በአንድ እየመጡ ይወስዷቸዋል። ግቢው በሲሚንቶ የተለሰነ ስለሆነና ስለሚጠብ ለኳስ አይሆንም። ጨዋታ በጀመርን ቁጥር ትልልቆቹ ይቆጣጠሩታል፤ ትንንሾቹ ቶሎ ተሸንፈው ይወጡና ጥግ ይዘው ያኮርፋሉ፤ መጨረሻው ወይ ጠብ ነው፣ ወይ ደግሞ «ስልክ ስጪን» የሚል ልመና። ሁሉንም በአንድነት የሚያጫውት፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ይጠቁሙኝ።
የልጆች ጠባቂ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እኅታችን፣ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ልጆቹን የሚያጣላቸው በብዙዎቹ ጨዋታዎች ውስጥ ያለው «የተሸነፈ ይውጣ» የሚለው ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መጀመሪያ የሚወጣው የ6 ዓመቱ ልጅ ነው፤ ጥግ ይዞ ረጅም ሰዓት የሚቀመጠውም እሱው ነው፤ መሮጥና መለማመድ ግን ከሁሉም ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልባቸው በፍጥነት እስኪመታ ድረስ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ላይ የዋለ ልጅ እርስዎ ዘንድ መጥቶም ተሸንፈሃል ተብሎ ከተቀመጠ ያንን ሰዓት ከየት ያገኘዋል? ስለዚህ ምክሬ አዲስ ጨዋታ ከመፈለግዎ በፊት የምናውቃቸውን ጨዋታዎች ማንም እንዳይወጣባቸው አድርገው እንዲያስተካክሉ ነው።

«መሀረቤን ያያችሁ»ን እንውሰድ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ መሀረብ የያዘው ልጅ ከኋላቸው እየዞረ «መሀረቤን ያያችሁ?» ሲል የተቀመጡት «አላየንም ባካችሁ» እያሉ ይቀበሉታል፤ በዚህ መካከል ሳያስነቃ ከአንዱ ጀርባ ጣል ያደርገዋል። የተጣለበት ልጅ መሬቱን በእጁ ዳበስ አድርጎ መሀረቡን ካገኘ አንሥቶ ጣዩን ያሳድዳል፤ ጣዩም ሳይያዝ ዞሮ ባዶው ቦታ ላይ ለመቀመጥ ይጣደፋል። ጨዋታው ደስ የሚል ሆኖ ሳለ አንድ ጉድለት አለበት፤ ጓደኛሞች መሀረቡን እርስ በርሳቸው ብቻ እየተጣጣሉ ሲጫወቱ ዝምተኛዋ ልጅ እስከ መጨረሻው ጀርባዋን ስትዳብስ ትቆያለች። ይህን ለማረም አንድ ጊዜ ተራ የደረሰው ልጅ ተመልሶ ሲቀመጥ እጆቹን ደረቱ ላይ ያጣምር፤ እጁን ባጣመረ ልጅ ጀርባ መሀረብ አይጣልም። እንዲህ ሲሆን ሁሉም ተራው ሳይደርሰው አይቀርም፤ እርስዎም ማን እንደቀረ በዓይንዎ ብቻ ያውቃሉ። በሲሚንቶ ላይ መሮጥ ስለሚያሰጋ ደግሞ ማሳደዱ ተረከዝን ከጣት እያገጣጠሙ በመራመድ ይሁን። ልጆች በዚህ አረማመድ ሲቸኩሉ ሚዛናቸውን እየሳቱ ይስቃሉ፤ የ11 ዓመቱም ከ7 ዓመቷ ያን ያህል አይቀድምም።

አባሮሽም በዚሁ መንገድ ይስተካከላል። የተያዘው ልጅ በመውጣት ፈንታ የያዘውን እጅ ይጨብጥና አብሮት ያባርራል፤ ሦስተኛው ሲያዝ ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ በመጨረሻ ግቢውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚዘጋ መረብ ይሆናል። እጅ ለእጅ የተያያዘ ሰንሰለት ከትንሹ ልጅ በላይ ሊፈጥን ስለማይችል ትልልቆቹ ሳይነገራቸው እርምጃቸውን ይቀንሳሉ። ሙዚቃ ሲቆም ወንበር መሻማት ከሆነም ወንበሮቹን ይቀንሱ እንጂ ልጆቹን አይቀንሱ፤ በቀሩት ወንበሮች ላይ ሁሉም ተጠጋግተው የሚቀመጡበትን ዘዴ ራሳቸው እንዲፈልጉ ይተዉላቸው።

ቡድን ሲከፋፈሉ ሁለት አለቆች እየጠሩ እንዲመርጡ መፍቀድ ያለብዎት አይመስለኝም፤ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚጠራ ልጅ አለና። ከአካባቢው ሱቅ 22 የለስላሳ ቆርኪ ይለቅሙና ግማሹን ቀይ፣ ግማሹን ሰማያዊ ቀለም ቀብተው በፌስታል ውስጥ ይክተቱት፤ እያንዳንዱ ልጅ ሳያይ እጁን አስገብቶ ያወጣው ቀለም ቡድኑ ነው። ዕጣ ላይ ማንም አያኮርፍም። በዚህ መንገድ ከተከፈሉ በኋላ በጠመኔ ሁለት ሰኞ ማክሰኞ ጎን ለጎን ሥለው በቅብብል ያዝልሏቸው። ለትንንሾቹ በሁለት እግር መርገጥ ይፈቀድ፤ ለትልልቆቹ በአንድ እግር ብቻ ይሁን።

ድብብቆሽን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ አደራ እላለሁ። ዓይኑን የጨፈነው ልጅ «አኩኩሉ!» ሲል ከየጥጉ «አልነጋም!» የሚለው ምላሽ ሲመጣ ደስታው ልዩ ነው፤ ነገር ግን ልጅ ለመደበቅ ሲል የማይገባበት ቦታ የለም። በመሐል ከተማ ግቢ ውስጥ ደግሞ በሩን አልፎ ከሄደ መኪና አለ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በሩ ይቀርቀር፤ ሮቶው፣ ኩሽናውና የመብራት ቆጣሪው አካባቢ መደበቂያ እንዳይሆኑ አብረዋቸው እየዞሩ ያሳዩአቸው፤ ሲጀመርም ሲያበቃም ይቁጠሯቸው።

የመጨረሻው ነጥብ የሰዓት አቀማመጥ ነው። ልጆቹ እንደመጡ መክሰሳቸውን በልተው ትንሽ ካረፉ በኋላ፣ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ያለውን ጊዜ ለቡድንና ለሩጫ ጨዋታዎች ይስጡት። ከ11 ሰዓት በኋላ ወላጅ በመጣ ቁጥር አንድ ልጅ ስለሚጎድል የቡድን ጨዋታ ይፈርሳል፤ የቀሩትም ቅር ይላቸዋል። ያኔ አንዱ ቢሄድ የማይበላሹትን ያውጡ። ቅልሞሽ፣ እቴሜቴ፣ የገመድ ዝላይና ተረት ለዚህ ሰዓት የተሠሩ ናቸው ማለት ይቻላል። ጨዋታውን ይቆጣጠራሉ ያሏቸውን ትልልቅ ልጆች በዚህ ሰዓት አስተማሪ ያድርጓቸው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ታናሽ ይስጧቸውና ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውሮ ሌላውን ከመሬት መልቀምን ያስለምዱት። አለቃ መሆን የሚወድ ልጅ የሚያለማምደው ታናሽ ሲያገኝ መጋፋቱን ይተዋል። ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በግቢው ካለ ግን ጠጠሩም ቆርኪውም ከአፉ የራቀ ይሁን፤ ሊያንቀው ይችላልና።

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በሚገኝ አንድ ክፍል 10 ልጆች እናቆያለን። ዝናብ በሚጥልበት ሰሞን መውጣት አንችልም፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ደግሞ በኮቴና በጩኸት ተማርረዋል፤ እውነታቸውን ነው። ድምፅ የሌለው ጨዋታ ይኖራል?

መልስ፦ ይኖራል። አንዱን ልጅ ከክፍሉ ያስወጡና ክብ ሠርተው ከተቀመጡት መካከል አንድ መሪ በምስጢር ምረጡ። መሪው ጆሮውን ሲነካ ሁሉም ጆሯቸውን ይነካሉ፤ ጉልበቱን ሲያሻሽ ሁሉም ያሻሻሉ፤ የተመለሰው ልጅ መሪው ማን እንደሆነ ዓይናቸውን እየተከታተለ ይፈልጋል። የሚያወራ መሪውን ስለሚያጋልጥ ክፍሉ በራሱ ጊዜ ጸጥ ይላል።

እንቆቅልሽንም አይርሱ። አንዱ «እንቆቅልህ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል፤ መልሱን ያጣ ደግሞ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ከተሞችን እየጠራ ሲሰጥ ጠያቂው እስኪበቃው ድረስ አልፈልግም ማለት ይችላል። እዚህ ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ግድግዳ ላይ ቢለጥፉና የተሰጠውን አገር ልጁ በጣቱ ካላሳየ አይቆጠርም ቢሉ፣ ጎንደርን ሊሰጥ የተነሣ ልጅ ጣናን ሲያገኝ፣ ድሬዳዋን ሊሰጥ የሄደ የባቡሩን መስመር ሲከተል ታያላችሁ። ለገበጣ ሰሌዳ ካላገኛችሁ 30 እንቁላል የሚይዘውን ካርቶን ተጠቀሙ፤ አምስት ረድፍ በስድስት ስለሆነ ሁለት ሁለት ረድፍ ስትቆርጡት ባለ 12 ጉድጓድ ሁለት መጫወቻ ይወጣዋል። በየጉድጓዱ 4 ባቄላ ስታስቀምጡ ለአንዱ መጫወቻ 48 ይበቃል። ባቄላ ከጠጠር ይልቅ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ ከትምህርት በኋላ በሚቆይበት ቦታ ከማንም ጋር አይጫወትም፤ ቆሞ ያያል ይሉኛል። በግድ ያስገቡት?
አባት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ በግድ አያስገቡት፤ በተለይ በጓደኞቹ ፊት «አንተስ ለምን አትጫወትም?» እንዳይባል ይንገሩልኝ። አንዳንድ ልጅ የጨዋታውን ደንብ አጥርቶ ሳያውቅ አይገባም፤ ቆሞ ማየቱ የመማሪያው ጊዜ ነው። ጠባቂዋ ጠመኔውን እንዲይዝ፣ ነጥብ እንዲመዘግብ ወይም ቆርኪውን እንዲያዞር ትጠይቀው፤ ከጨዋታው ጠርዝ ላይ ሥራ ያገኘ ልጅ ወደ መሐል የሚገባበትን ቀን ራሱ ይመርጣል። እርስዎም ቤት ውስጥ ያንኑ ጨዋታ ሁለት ሦስት ጊዜ አብረውት ይጫወቱ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ከጀርባው ሲጠሩት የማይሰማ፣ እየተቀባበሉ የሚዘፈኑ ጨዋታዎች ላይ ብቻ የሚሸሽ፣ ቴሌቪዥን ጎላ አድርጎ የሚከፍት ከሆነ ጉዳዩ ዓይን አፋርነት ላይሆን ስለሚችል ጆሮውን በሐኪም ያስመርምሩት።