መልስ፦ የልጆችን ማንነት ሳያጋልጡ የቤት ውስጥ ትምህርትን ስለማካፈል

ልጆችዎን በቤት የሚያስተምሩበትን መንገድ በኢንተርኔት ለሌሎች ወላጆች ለማካፈል እንዳሰቡ ገልጸው፣ ስማቸውንና ፎቷቸውን ማውጣት ይጎዳቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ በበኩሌ ስማቸውንም ፊታቸውንም ባያወጡ እመርጣለሁ፤ አንድ ጊዜ የወጣ ፎቶ እርስዎ ቢያጠፉት እንኳ ቀድሞ ባስቀመጠው ሰው ዘንድ ይቀራልና።

ለአንባቢ የሚጠቅመው ትምህርቱ ነው። ልጅዎ ወረቀት እየቆረጠ ክፍልፋይን እንዴት እንደተረዳ ለማሳየት እጁና ወረቀቱ ይበቃሉ። ሆኖም ፎቶውን ከመልቀቅዎ በፊት ጥግ ጥጉን ይመልከቱ፤ በደብተሩ ራስጌ ላይ ሙሉ ስሙ ተጽፎ፣ በመስኮቱም በኩል የጎረቤት ሕንፃ ስም ይነበብ ይሆናል። በስልክ የተነሣ ፎቶ ደግሞ፣ የካሜራው የቦታ መጠቆሚያ ክፍት ከሆነ፣ የተነሣበትን ቦታ በጂፒኤስ መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ይህን መረጃ ሳያጠፉ በራስዎ ድረ ገጽ ላይ መጫን የቤትን አድራሻ ለማያውቁት ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። የልደት ቀንም አይጠቀስ፤ የጉብኝት ወሬም ከተመለሱ በኋላ ቢወጣ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የልጁ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 16 የልጅን የግል ሕይወት ይጠብቃል፤ አንቀጽ 12 ደግሞ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡ እንዲሰማ ይደነግጋል። ስለዚህ ማንበብ እንደከበደው ወይም ሲያለቅስ እንደዋለ የሚናገር ጽሑፍ፣ ምክር ፍለጋም ቢሆን፣ አይውጣ፤ እንዲህ ያለውን ከሚያምኑት ሰው ጋር ይመካከሩበት። ከፍ ያሉትን ልጆች ግን እያንዳንዱን ጽሑፍ አስቀድመው ያስነብቧቸውና «ይቅር» ካሉ ያለ ክርክር ይተዉት።