ለለጋ ወይን ለጋ ቅቤ

እህታችን ወንድሟ ከፈረንሳይ ያመጣላትን ቀይ ቡርጎኝ የሚባል የፈረንሳይ ወይን፣ ፍሬው በፈረንጆቹ 2022 የተለቀመውን፣ እቤት ከምትሠራው የእንጉዳይ ሪዞቶ (በመረቅ እየተማሰለ የሚበስል የጣሊያን የሩዝ ምግብ) ጋር ብትከፍተው ይሄድ እንደሆነ ጠይቃለች። «ወይስ ላቆየው?» ብላለች። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ሞክሬዋለሁ። ይሄዳል። ግን መጀመሪያ አበላሽቼው ነው የተማርኩት።

ለእኔ ያመጣልኝ የአክስቴ ልጅ ነበር። ቅዳሜ ምሳ ዘመድ ጠርቼ ሪዞቶውን ሠራሁ። ሊያልቅ ሲል ፍሪጅ ብከፍት ለጋ ቅቤ የለም። እናቴ ከላከችው ንጥር ቅቤ ሁለት ማንኪያ ጣል አደረግሁበት። ሽታው ቤቱን አወደው! ሪዞቶው ለብቻው አይጣልም ነበር። ወይኑን ፉት ስል ግን ወይን የለም። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ውጠውታል። ምላሴ ላይ የቀረው ኮምጠጥ ያለ ውሃ ነገር ነው። እንግዶቼ ቀስ ብለው ቢራ ጠየቁ።

ቀይ ቡርጎኝ የሚጠመቀው ፒኖ ኗር ከሚባል ወይን ነው። የፍሬው ቆዳ ስስ ስለሆነ ቀለሙም፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒንም ያንሳል። ብርጭቆውን አዘንብለሽ ከኋላው ጣትሽን ብታደርጊ ይታይሻል። ለጋ ሲሆን ቼሪና እንጆሪ ይሸታል፣ ኮምጠጥም ይላል። ኮምጣጣነቱን አትጥዪው፤ የቅቤውንና የአይቡን ቅባት ከአፍሽ የሚያጥበው እሱ ነው። ቅመም ላይ ግን አቅም የለውም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ሙቀቱ ነው። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል ሲሉ ሰምቼ ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ አቁሜዋለሁ። ያ ምክር ለብርዳም አገር ቤት እንጂ ለሐዋሳ ከሰዓት አይደለም። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል። ለዚህ ወይን ከ14 እስከ 16 ዲግሪ ጥሩ ነው። ከመክፈትሽ በፊት 40 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው።

የተረፈውን ግማሽ ጠርሙስ ቡሹን መልሼ ፍሪጅ ከተትኩት። በማግስቱ ለጋ ቅቤ ገዝቼ እንደገና ሠራሁ። ሩዙ አርቦሪዮ የሚባለው፣ ፍሬው አጭርና ወፈር ያለው መሆን አለበት፤ እንዳታጥቢው፣ መረቁን የሚያወፍረው ዱቄቱ ነው። ሽንኩርቱን ሳይቀላ አቁላልተሽ ሩዙን አሙቂበት፣ ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ ነጭ ወይን። ቡርጎኙን ድስት ውስጥ እንዳትደፊው! እኔ የዝዋዩን ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ ነው የተጠቀምኩት። ሻርዶኔ የነጩ ቡርጎኝ ፍሬ ስለሆነ ዘመዳሞች ናቸው። ከዚያ ትኩስ የዶሮ አጥንት መረቅ በጭልፋ እየጨመሩ ማማሰል ነው። ማሸጊያው 18 ደቂቃ ቢልሽ አትመኚው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እኔ ጋ 25 ደቂቃ ፈጅቷል። እናቴ በስልክ ስነግራት «ገንፎ ነው በለኛ» አለችኝ። ግን ገንፎ አይደለም። ሰሃኑን ስታዘነብዪው ቀስ ብሎ መፍሰስ አለበት፣ ፍሬው መሃል ላይ ትንሽ ጥርስ ሲይዝ። ቅቤውንና ፓርሚጃኖ የሚባለውን የጣሊያን አይብ እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ አስገቢ።

በዚያ ቀን ወይኑ ሌላ ሆነ። እንጉዳዩን ጎርሼ ፉት ስል መጀመሪያ እንጆሪው መጣ፣ ቀጥሎ እርጥብ መሬት የመሰለ ነገር። ያ የመሬት ጣዕም ከወይኑ ይሁን ከእንጉዳዩ መለየት አቃተኝ።

ላቆየው ላልሽው፣ ጠርሙሱ ላይ የመንደር ስም ሳይኖር ቡርጎኝ ብቻ ከተጻፈ በልጅነቱ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። በእኛ ሙቀት ቁም ሳጥን ውስጥ ይበላሻል እንጂ አይበስልም። በዚህ ወር ክፈቺው። ዶሮ ወጥ በተሠራበት ቀን ብቻ አይሁን።