ኖትፓድ ውስጥ የገባው በክፍያ የሚሠራ ኤአይ፦ ጥያቄና መልስ

ዊንዶውስ 11 ላይ ያለው ኖትፓድ ጽሑፍ የሚያሻሽል፣ የሚያሳጥርና ከባዶ የሚጽፍ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ከገባበት ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። የደረሱኝን በተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኖትፓድ ራሱ በክፍያ ሆነ እንዴ? ልጄ «ከእንግዲህ በየወሩ ይከፈልበታል» አለኝ።

መልስ፦ ልጅዎ የሰማው ግማሹን ነው። መክፈት፣ መጻፍ፣ ሴቭ ማድረግ፣ ቃል መፈለግ፣ ታብ መጨመር፣ የሆሄ ማረሚያው ጭምር እንደ ድሮው ነፃ ነው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ክፍያ የሚጠየቅባቸው ሦስት ናቸው፦ «ሪራይት» (የተጻፈውን እንደገና መጻፍ)፣ «ሰመራይዝ» (ማሳጠር) እና «ራይት» (በትእዛዝ አዲስ ጽሑፍ ማውጣት)። እነዚህ፣ በኋላ ከማነሣቸው «ኮፓይለት ፕላስ» ኮምፒውተሮች በቀር፣ ሥራቸውን የሚሠሩት እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ነው። ቁልፉ በተነካ ቁጥር እዚያ ማዶ የሚቆጥር ቆጣሪ አለ፤ ሂሳቡ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ መቼ ገባ? እኔ የማውቀው ኖትፓድ ነጭ ገጽ ብቻ ነበር።

መልስ፦ ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር። በ1985 ከዊንዶውስ 1.0 ጋር ወጥቶ ለአሥርት ዓመታት እምብዛም አልተነካም። በሊኑክስ የተጻፈ ፋይልን መስመሩን ሳያደባልቅ መክፈት የቻለው በ2018 ነው። በ2019 ደግሞ የዓለምን ፊደላት ሁሉ የሚይዘው ዩቲኤፍ-8 የሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ መደበኛው አቀማመጥ ሆነ፤ ለአማርኛ ጸሐፊ ከኤአይው ይልቅ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፣ በአሮጌው «አንሲ» የተቀመጠ የግዕዝ ፊደል ሁሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጥ ነበርና። ታብ በ2023፣ የሆሄ ማረሚያ በ2024 ተከተሉ። «ሪራይት» በኅዳር 2024 ለሙከራ ተለቀቀ፤ «ሰመራይዝ» እና «ራይት» በ2025 ጸደይ መጡ። በዚሁ መሐል ዎርድፓድ የሚባለው ሌላው መጻፊያ ከ2024ቱ የዊንዶውስ እትም ጭራሹን ተወገደ። ስለዚህ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ብቸኛ ቀላል ጽሑፍ መጻፊያ ኖትፓድ ሆኖ ቀረ። ኤአይው እዚያ መግባቱ ብዙ ሰው ያስቆጣውም ለዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ክሬዲቱ እንዴት ነው የሚቆጠረው? ወር ሳይሞላ አለቀብኝ።

መልስ፦ የማይክሮሶፍት 365 የግል ወይም የቤተሰብ ደንበኛ በወር 60 ክሬዲት (የኤአይ መጠቀሚያ ነጥብ) ያገኛል። አንድ ጊዜ «ሪራይት» ማለት አንድ ክሬዲት ነው። ውጤቱ አልጥምህ ብሎ «ድገም» ስትለው ሌላ አንድ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ 60ው ለኖትፓድ ብቻ አለመሆኑን ነው። ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ፓወርፖይንት፣ አውትሉክ፣ ፔይንትም የሚቀዱት ከዚሁ ማሰሮ ነው። በወር 20 የሥራ ቀን ብትል በቀን 3 ጊዜ መጠቀም ነው። የተረፈው ወደሚቀጥለው ወር አይሻገርም።

ለመቆጠብ፣ አንቀጽ በአንቀጽ ከማሻሻል ጽሑፉን ጨርሰህ አንድ ጊዜ ምረጠው። ቃናውን (መደበኛ፣ የወዳጅ)፣ ርዝመቱንና ቅርጹን (አንቀጽ፣ ዝርዝር) ከመላክህ በፊት ከምርጫው ወስን። «ሪራይት» በአንድ ጥሪ ሦስት አማራጭ ያወጣል፤ ሦስቱንም ሳታነብ «ድገም» አትበል።

ጥያቄ፦ የቤተሰብ ጥቅል ነው ያለን፣ ከፋዩ ባለቤቴ ነው። እኔ ጋ ለምን እምቢ ይላል?

መልስ፦ የቤተሰብ ጥቅሉ ለሌሎች አባላት ዎርድንና የማስቀመጫ ቦታውን ያካፍላል እንጂ ኤአይውን አያካፍልም። የሚሠራው በከፋዩ አካውንት ብቻ ነው። ስህተት አልሠራሽም፤ ውሉ እንደዚያ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው። ዋጋው ሳይነግሩኝ ጨመረ። ኤአይውን አልፈልገውም፣ በድሮው ዋጋ መቀጠል እችላለሁ?

መልስ፦ በጥር 2025 ኤአይው ጥቅሉ ውስጥ ሲገባ አሜሪካ ውስጥ የግሉ በወር ከ6.99 ወደ 9.99 ዶላር፣ የቤተሰቡ ከ9.99 ወደ 12.99 ዶላር ወጣ። «ክላሲክ» የሚባል ኤአይ የሌለው በድሮው ዋጋ የሚሸጥ ጥቅል ለነባር ደንበኞች ተዘጋጅቷል። ግን በቀላሉ በሚታይ ቦታ አልነበረም። አካውንትህ ውስጥ ገብተህ የደንበኝነት ገጹን ክፈትና «ሰርዝ» የሚለውን ተጫን። የመጨረሻውን ማረጋገጫ ከመጫንህ በፊት አማራጩ የሚመጣው እዚያ ነው። ካልመጣልህ ማረጋገጫውን አትጫን፤ ተመለስና የደንበኞች አገልግሎትን በጽሑፍ ጠይቅ።

ይህ አደባበቅ ፍርድ ቤት አድርሷል። የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን በጥቅምት 2025 ማይክሮሶፍትን የከሰሰው፣ 2.7 ሚሊዮን ለሚሆኑ ደንበኞች «ወይ ጨምራችሁ ክፈሉ ወይ ውጡ» ብሎ ሦስተኛውን መንገድ ሸሽጓል በሚል ነው። ኩባንያው በኋላ ይቅርታ ጠይቆ ልዩነቱን ለመመለስ ጥሪ አቅርቧል።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ምንም አልከፍልም። ግን የኮፓይለት ምልክቱ ዓይኔ ላይ ተደቅኗል። ማጥፋት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ኖትፓድን ክፈት፣ ከላይ በቀኝ ጥግ ያለችውን የጥርስ ጎማ ምልክት ተጫን፣ ወርደህ «ኤአይ ፊቸርስ» ከሚለው ሥር የኮፓይለትን (የማይክሮሶፍት ኤአይ ስሙ ነው) ማብሪያ ማጥፊያ ዝጋው። ምልክቱም በቀኝ ጠቅታ የሚመጣው ምርጫም ይጠፋል። በአካውንት ግባ ቢልህም ለመጻፍ አያስፈልግህም፤ መግባት ግዴታ የሚሆነው ለኤአይው ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን 40 ኮምፒውተር አለ። አንድ በአንድ መዞር አልችልም።

መልስ፦ አትዙሩ። ማይክሮሶፍት ለኖትፓድ የአስተዳደር ቴምፕሌት (ብዙ ኮምፒውተር በአንድ ትእዛዝ የሚያዝበት የፖሊሲ ፋይል) አውጥቷል። ዋናውን ፋይል ዊንዶውስ ውስጥ ወዳለው የፖሊሲ ትርጓሜዎች ፎልደር ይገለብጡት። የቋንቋ ፋይሉን ደግሞ በዚያው ውስጥ ባለው የእንግሊዝኛ ንዑስ ፎልደር ያኑሩት፤ ይህችኛዋ ከተረሳች ኤዲተሩ ሲከፈት የስህተት መልእክት ያወርዳል። ዶሜይን (ኮምፒውተሮቹ በአንድ ሰርቨር የሚተዳደሩበት ኔትዎርክ) ካላችሁ በማዕከላዊው ማከማቻ አንድ ጊዜ ማስቀመጥ ይበቃል። ከዚያ ከኮምፒውተር ፖሊሲ ውስጥ የኖትፓድን ክፍል ፈልገው የኤአይ መዝጊያውን ያግኙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፖሊሲው ስም «ኤአይን ዝጋ» ስለሆነ እንዲዘጋ «ኢኔብልድ» ማለት አለብዎት። «ዲስኤብልድ» ካሉት «አትዝጋ» እንዳሉት ይቆጠራል። ሆም የሚባለው የዊንዶውስ እትም የፖሊሲ ኤዲተር የለውም። እዚያ ያው ትእዛዝ በሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ሴቲንጎች መዝገብ)፣ በማሽኑ ክፍል፣ በሶፍትዌር ፖሊሲዎች ሥር እንደ ቁጥር ዋጋ 1 ሆኖ ይጻፋል። ከተጠቃሚው ክፍል ከጻፉት አይሠራም።

ጥያቄ፦ ጭራሽ አሮጌውን ኖትፓድ ብመልስስ?

መልስ፦ አሮጌው አልጠፋም፤ ዊንዶውስ ሲስተም ፎልደር ውስጥ አለ። ሴቲንግ ግባ፣ አፕስ፣ ከዚያ የላቁ የአፕ ሴቲንጎች፣ ከዚያ «አፕ ኤክሲኪዩሽን አሊያስ» የሚለውን ክፈትና የኖትፓድን ዝጋ። ከዚያ በኋላ በ«ረን» ሳጥን ኖትፓድ ብለህ ስትጽፍ የሚነሣው አሮጌው ነው። ፋይል ላይ ሁለቴ ጠቅ ስታደርግ ግን አሁንም አዲሱ ይከፈት ይሆናል፤ ያንን ለማስቆም አዲሱን እንደ ማንኛውም አፕ ማራገፍ ነው። የምታጣው ታብንና ሴቭ ያልተደረገውን የሚያስታውሰውን ነገር ነው። እኔን ከጠየቅከኝ ለዚያ ሁለተኛው ስል አዲሱን ይዤ ኤአይውን ብቻ እዘጋለሁ፤ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ በአማርኛስ ይረባል? ደብዳቤ እንዲያስተካክልልኝ ነበር የፈለግኩት።

መልስ፦ በአንድ አጭር አንቀጽ ሞክሩት፣ ግን ሳታነቡ «ተካ» አትበሉ። አማርኛ ላይ እንዲህ ያሉ ሞዴሎች የሚስቱባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት» የምንለው በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ነው። ሞዴሉ ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ የሌሊት 3 ሊያደርገው ይችላል። ዓመቱም እንዲሁ፣ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነቱን አንዴ ያሰላዋል አንዴ ይተወዋል። «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ሳይጻፍ የተላከ ቀን ቢበላሽ የሚገርም አይደለም።

ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ገና»ም ሲጠብቅ በዓል ነው። ፊደላችን ይህንን አያሳይም፣ ሞዴሉም ከአውዱ ይገምታል፤ አጭር ዐረፍተ ነገር ላይ ግምቱ ይስታል። ሦስተኛው፣ ደብዳቤው በ«እርስዎ» ጀምሮ መሐል ላይ «አንተ» ይሆናል። ለአለቃ ከመላካችሁ በፊት የግሱን መጨረሻ ሁሉ እዩ። ፊደሉም እንዲሁ፣ «ዓለም» ያላችሁትን «አለም»፣ «ሠራ» ያላችሁትን «ሰራ» ያደርገዋል። ለንባብ ባይከፋም በኋላ ፋይሉ ውስጥ ቃሉን ስትፈልጉት አታገኙትም፤ ፍለጋው የሚያመሳስለው ትክክለኛውን ፊደል ነውና።

ጥያቄ፦ የምጽፈውን ሁሉ ያያል ማለት ነው?

መልስ፦ ቁልፉን ሳትነካ አይልክም። ስትነካ ግን የመረጥከው ጽሑፍ ከኮምፒውተርህ ይወጣል። ስለዚህ የሚፈለገውን አንቀጽ ብቻ ምረጥ፤ «ሁሉንም ምረጥ» የሚለው ልማድ እዚህ አደገኛ ነው። ኖትፓድ ደግሞ ስንቱ ሰው የይለፍ ቃሉን፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩንና የደንበኛ ስልክ የሚያጭርበት ቦታ ነው። የታካሚ፣ የክስ ወይም የደመወዝ ፋይል ያለበት ቤት ከላይ ባለው ፖሊሲ ይዝጋው።

ጥያቄ፦ ሳይከፈል በራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ አለ ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ አለ፣ «ኮፓይለት ፕላስ» በሚባሉት ኮምፒውተሮች ላይ። በመስከረም 2025 ሦስቱም ሥራዎች እዚያ ያለ ደንበኝነት እንዲሠሩ ለሙከራ ተለቀቁ፤ ሲጀመር ግን በእንግሊዝኛ ብቻ። መሥፈርቱ በሰከንድ 40 ትሪሊዮን ስሌት የሚሠራ ኤንፒዩ (ለኤአይ ሥራ የተለየ ቺፕ)፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። ሻጩ «ኤንፒዩ አለው» ስላለ አትግዛ፤ የመጀመሪያው ትውልድ ኢንቴል ኮር አልትራ ኤንፒዩ አለው፣ ግን ጉልበቱ ወደ 11 ትሪሊዮን ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ አነስተኛ የአማርኛ ጽሑፍ መጻፊያ አፕ ሠርቻለሁ፣ ነፃ ነው። እንደ እነሱ በክፍያ ኤአይ ልጨምርበት አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሒሳቡ። የኤአይ ሞዴል የሚያከራዩት በቶክን (ሞዴሉ ጽሑፉን በሚከፋፍልበት ቁራጭ) ያስከፍላሉ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል፣ የእንግሊዝኛው አንድ። ከዚህና ከሥልጠናው ማነስ የተነሣ የአማርኛ ቃል ብዙ ጊዜ ወደ ብዙ ቶክን ይሰባበራል። ስለዚህ የእንግሊዝኛን ስሌት አትቅዳ፤ 50 እውነተኛ አንቀጽ ወስደህ በምትከራየው ሞዴል ለካ።

ለምሳሌ ያህል ባለ 200 ቃል አንቀጽ፣ ቃሉ 4 ቶክን ብንል 800 ነው፤ መመሪያህ 300። መግቢያው 1,100 ሆነ። ሦስት አማራጭ ከሰጠህ መውጫው 2,400 ነው። ዋጋው በሚሊዮን ቶክን መግቢያ 1 ዶላር፣ መውጫ 4 ዶላር ነው እንበል፤ አንዱ ጥሪ 1.07 ሳንቲም፣ 60 ጥሪ 64 ሳንቲም ይሆናል። አንድ አማራጭ ብቻ ብትሰጥ 60ው ጥሪ ወደ 26 ሳንቲም ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ጀምር፣ ሌላ የፈለገ ይጠይቅ። አንተ በዶላር እየከፈልክ በብር ስለምትሸጥ ደግሞ «ያልተገደበ» የሚል ቃል አፍህ አይልመድ። በቴሌብር አስቀድሞ የሚገዛ የጥሪ ጥቅል ሽጥ።

የኤፒአይ ቁልፍህን (ሞዴሉን የምትከራይበትን የምስጢር ኮድ) አፑ ውስጥ አትቅበር፤ ማንም ፈትቶ ያወጣዋል፣ ሂሳቡም ባንተ ይመጣል። መሐል ላይ የራስህን ትንሽ ሰርቨር አድርግ፣ ገደብም እዚያ ጣል። ለእያንዳንዱ ጥሪ መለያ ቁጥር ስጠው። ኔትዎርክ ተቋርጦ አፑ ደግሞ ሲልክ፣ ሰርቨሩ ቁጥሩን አይቶ የቀድሞውን መልስ ይመልስ እንጂ ሁለተኛ አያስከፍል። ክሬዲት የሚቀነሰው መልሱ ሙሉ ሆኖ ሲደርስ ነው፣ ሲላክ አይደለም። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ደንበኛ የሚያጣው ባንድ ሳምንት ነው።

ውጤቱን ከዋናው ጎን አሳይ፣ አትተካው። ከተተካም በአንድ «መልስ» ሙሉ በሙሉ ይመለስ፤ ቃል በቃል እየቀለበሰ የሚመለስ አርታዒ ያናድዳል። መመሪያው ውስጥ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥርና ስም እንዳይነካ እዘዝ፣ ከዚያም በኮድ አረጋግጥ፦ ከመግቢያው ያሉ ቁጥሮች ከመውጫው ከጎደሉ ለተጠቃሚው በቀለም አሳይ። ሲጫን ጠፍቶ ይምጣ፤ የፈለገ ያብራው።

ጥያቄ፦ ኤአይ የማያውቅ ሌላ ምን አለ?

መልስ፦ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ፣ ከ2003 ጀምሮ ነፃ ነው፣ ተጨማሪ ካልጫንክበት ኤአይ የለውም። ሊኑክስ ላይ ኬት። ማክ ያለው ሰው ቴክስትኤዲት ላይ የአፕልን የጽሑፍ መሣሪያዎች ያገኛል፤ ከጥቅምት 2024 ወዲህ ኤም1 እና ከዚያ በላይ ላይ ያለ ክፍያ ነው፣ ማጥፋትም ይቻላል።

ጥያቄ፦ ደንበኝነቴን ብሰርዝ በኤአይ ያስተካከልኳቸው ፋይሎች ይቆለፋሉ?

መልስ፦ አይቆለፉም። የተቀመጠው ተራ ጽሑፍ ነው፤ በየትኛውም ኮምፒውተር፣ በስልክም ይከፈታል። በአሮጌው ኖትፓድ ስትከፍታቸው የ* እና የ# ምልክቶች ካየህ አትደንግጥ፤ አዲሱ ኖትፓድ ደማቅ ፊደልና ርእስ የሚያስቀምጠው በማርክዳውን፣ ማለትም ቅርጽን በተራ ምልክት በሚያመለክት አጻጻፍ፣ ስለሆነ ነው። ከሴቲንጉ ፎርማቲንግን ዝጋው፣ ምልክቶቹን በ«ፈልግና ተካ» አውጣቸው።