ከፍ የተደረገ ላንድክሩዘር ለምን ያዘነብላል? ኩርባ ላይስ ለምን ይጋደላል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። መኪናህ 80 ላንድክሩዘር ነው። 2 ኢንች ከፍ የሚያደርግ ሞላ አስገብተሃል፣ 285/75 ጎማ አድርገሃል፣ ፖርቶመጋላም ሠርተህበታል። አሁን ቆሞ ሳለ በሾፌሩ በኩል ዝቅ ይላል። ወደ ሱሉልታ ስትሄድ ደግሞ ኩርባው ላይ ይጋደልብሃል። አንዱ ጠንካራ አሞርዛተር ግዛ፣ ሌላው ስፔሰር (ከሞላው ጋር የሚገባ ከፍ ማድረጊያ ቀለበት) ጨምርበት ብሎሃል። እስካሁን ካልገዛህ እባክህ ቆይ።

የእኔም 80 ነው፣ ያንተው ዓይነት ሞላ አለው። ሰንዳፋ አካባቢ ነው የምኖረው። ክረምት ሲገባ መረሬው ምን እንደሚሠራ ታውቃለህ፣ ስለዚህ ከፍታ ለምን እንደፈለግክ ይገባኛል። የጓደኞቼን መኪኖችም አብሬ ሳስተካክል ቆይቻለሁ። ከዚያ የተረዳሁት ቆሞ ማዘንበልና ኩርባ ላይ መጋደል ሁለት የተለያዩ ችግሮች መሆናቸውን ነው። መንስኤያቸው ይለያያል፣ መድኃኒታቸውም ይለያያል። በአንድ ዕቃ ሁለቱንም ለማዳን ሲሞከር ነው ብር የሚባክነው።

ከማዘንበሉ እንጀምር። መጀመሪያ ለካ። ከመሬት አይደለም የሚለካው። ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብለህ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። እንዲህ ስታደርግ የጎማ ንፋስ ልዩነት ከሂሳቡ ይወጣል። አራቱንም ጻፍ። ነዳጁ ሙሉ ይሁን፣ ውስጥ ሰው አይኑር። ማደያ ወለል ላይ አትለካ፣ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ብዙ ጊዜ ያዘነበለ ነው። ከዚያ መኪናውን አዙረህ እዚያው ቦታ ላይ ፊቱን ወደ ተቃራኒው አድርገህ አቁመውና እንደገና ለካ። ዝቅ ያለው ጎን አሁንም የሾፌሩ ከሆነ ችግሩ የመኪናው ነው። ጎኑ ከተቀያየረ ግን ወለሉ ነው ያሳሳተህ። እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያለውን ልዩነት እኔ አልነካውም። ሾፌር ሲገባበት ራሱ ይቀየራል።

ከዚያ ገንዘብ የማይጠይቀውን ነገር ሞክር። ሞላ ሲቀየር መኪናው ክሪክ ላይ ነው፣ አክስሉ ተንጠልጥሏል። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ቡሎኖቹን እዚያው እንደተንጠለጠለ ያጠብቋቸዋል። አክስሉን የሚይዙት ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ በዚያ አቋም ላይ ይያዛል። መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ይጠማዘዝና እንደ ተጨማሪ ሞላ ይገፋል። አንዱ ጎን ከሌላው በተለየ ከተጠማዘዘ መኪናው ያዘነብላል። ጎሚኒውም ቶሎ ይበጣጠሳል። ስለዚህ የፊትና የኋላ አርሞቹን (አክስሉን ከፊት ወደ ኋላ የሚይዙትን ዘንጎች)፣ የፓንሃርድ ሮዶቹንም (አክስሉን ከሻሲው ጋር በሰያፍ የሚይዙትን ብረቶች) ቡሎኖች መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ አላላቸው። ፊትና ኋላውን ጫን ጫን እያደረግክ አወዛውዘው። ከዚያ እዚያው እንደቆመ ይጥበቁ። አንድ የማውቀው ሰው መኪና በዚህ ብቻ ነው የተስተካከለው። ሞላ ሊገዛ ሶማሌ ተራ ለመሄድ ተነስቶ ነበር።

ካልተስተካከለ ጥፋቱ ከፊት ነው ወይስ ከኋላ የሚለውን መለየት አለብህ። ይሄን ማንም አይነግርህም፣ ግን ወሳኙ ይሄ ነው። ያዘነበለ የኋላ ሞላ ፊቱንም ይዞት ያዘነብላል። ክሪኩን ከኋላ አክስሉ በታች፣ ልክ በሁለቱ ጎማዎች መሃል አድርገህ የኋላ ጎማዎቹን ከመሬት ትንሽ አንሳ። አሁን ኋላው በአንድ ነጥብ ላይ ነው የቆመው፣ ፊቱን ማስገደድ አይችልም። የፊቱን ቁጥር እይ። ፊቱ እኩል ከሆነ ጥፋቱ የኋላ ነው። አሁንም ካዘነበለ የፊቱ ነው። ስትሠራ ግን የፊት ጎማዎቹን በታኮ ከፊትም ከኋላም ያዛቸው። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማ ነው፣ ጎማው ከመሬት ሲነሳ ምንም አይይዝልህም። ሥር አትግባ፣ ከጎን ቆመህ ለካ።

የትኛው ጫፍ እንደሆነ ካወቅክ የዚያን ጫፍ ሞላዎች ግራና ቀኝ አቀያይራቸው። ማዘንበሉ ወደ ሌላው ጎን ከሄደ ሞላው ነው። አንዳንድ ሞላዎች የግራና የቀኝ ተብለው ቁመታቸው ተለያይቶ ይሠራሉ፣ ተቀያይረው ገብተው ይሆናል። ማዘንበሉ እዚያው ከቀረ ግን ክብደት ነው። ሁለተኛ ባትሪ፣ የነዳጅ ጀሪካን፣ መሣቢያ፣ የመሣሪያ ሳጥን፣ ሁሉም በአንድ ጎን ተከማችቶ ይሆናል። ክብደቱን ወደ ሌላው ጎን ማዛወር ካልተቻለ ብቻ ዝቅ ባለው ጎን ከሞላው ጋር ቀጭን ስፔሰር ይገባል። በአንተ መኪና 10 ሚሊ ስፔሰር ወደ 10 ሚሊ የሚጠጋ ከፍታ ነው የሚሰጥህ። ሃይሉክስ ወይም ፕራዶ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ከፊት አሞርዛተሩ አናት ላይ የሚገባ ስፔሰር ጎማው ጋ ሲደርስ እጥፍ ገደማ ይሆናል።

አንድ ጎማ ከፓራፋንጎ ወጣ፣ ሌላው ገባ ብሎ ከታየህ ደግሞ ማዘንበል አይደለም። መኪናው ከፍ ሲል ፓንሃርድ ሮዱ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ርዝመቱ የሚስተካከል ሮድ ይፈታዋል።

አሁን ወደ ኩርባው። አሞርዛተር መኪናው የሚጋደልበትን ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ስንት እንደሚጋደል አይወስንም። ረጅም ኩርባ ላይ አዲስ አሞርዛተር ያለውም የሌለውም በመጨረሻ እኩል ይጋደላሉ። አሮጌው ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ቀይረው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። መጠኑን የሚወስኑት ክብደቱ ያለበት ከፍታ፣ ሞላውና ስታቢላይዘሩ (ግራና ቀኙን አያይዞ መጋደሉን የሚቃወመው የብረት ዘንግ) ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፖርቶመጋላህን አራግፍ። የምሬን ነው። 20 ሊትር ናፍጣ ብቻውን ወደ 17 ኪሎ ይመዝናል። አራት ጀሪካን ስትሰቅል ከነቆርቆሮው 80 ኪሎ አካባቢ ነው። ትርፍ ጎማ ስትጨምርበት ከ100 ኪሎ ያልፋል። ያ ሁሉ ከመሬት ሁለት ሜትር ላይ ነው የተቀመጠው። የሱሉልታ ሜዳ ላይ የሲሚንቶ ጫኝ ከባድ መኪና ሲያልፍህ የሚያወዛውዝህም እሱ ነው። አንድ ሳምንት ባዶውን ንዳው። ለውጡን ሳትለካው ታውቀዋለህ።

ቀጥሎ ስታቢላይዘሩን እይ። 80 ከፊትም ከኋላም አለው። ከሞላ ቅየራ በኋላ መያዣው አጥሮ አንግሉ ተበላሽቶ፣ ወይም "ለገጠር መንገድ ይሻላል" ተብሎ ተፈትቶ የሚቀርበት ብዙ ነው። ካለ፣ መኪናው ቆሞ ጫፎቹ ወደ ቀድሞው አቋማቸው እንዲመለሱ ረዘም ያለ መያዣ አድርግለት። ጎሚኒዎቹንም ቀይር። ወፍራም ስታቢላይዘር ልግዛ ካልክ ትንሽ ውፍረት ብዙ እንደሚለውጥ እወቅ። ከ25 ወደ 28 ሚሊ ብትሄድ ጥንካሬው ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ግን ያ በወጣ ገባ ላይ ጎማው እንደልቡ እንዳይወርድ ይይዘዋል። ለሳምንቱ መጨረሻ ጉዞ እኔ የፋብሪካውን እመርጣለሁ።

መሪው አልረጋ ብሎህ "መጋደል" ያልከው ሊሆንም ይችላል። ከፍታው የፊት አክስሉን ወደ ፊት ያዞረዋል፣ ካስተር (መሪው በራሱ እንዲመለስ የሚያደርገው የፊት አክስሉ ዘንበል ማለት) ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀንሳል። መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ ካልተመለሰ ምልክቱ ያ ነው። አላይመንት ስታሠራ የካስተሩን ቁጥር በወረቀት ተቀበል። ማስተካከያ ጎሚኒ አለው።

ተጨማሪ ከፍታ ግን አትፈልግ። ሞላ ሲረዝም ዲፍረንሻሉ ከመሬት ያለው ርቀት አይጨምርም። ያንን የሚጨምረው ጎማ ብቻ ነው። ከ275/70 ወደ 285/75 ስትሄድ 21 ሚሊ አግኝተሃል፣ ለእኛ አካባቢ ጭቃ በቂ ነው። ፍጥነት መለኪያህም 80 ሲልህ 84 ገደማ ላይ መሆንህን ልብ በል።

ፍሬኑንም ሳታይ ረጅም ጉዞ አትውጣ። አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል የፍሬን ቱቦው መወጠር የለበትም። ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ማመጣጠኛ ካለው እሱንም እይ። መኪናው ከፍ ሲል "ባዶ ነኝ" ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። መያዣው ላይ ከሞላው ከፍታ ጋር የሚመጣጠን ማስረዘሚያ ይሠራለታል።

አራቱን ልኬቶች፣ ክሪክ ላይ የወጣውን የፊት ቁጥርና ፖርቶመጋላው ላይ ያለውን ዕቃ ዝርዝር እዚሁ ጻፍልን። ፎቶ ካለህ ከኋላ ቀጥ ብለህ ያነሳኸውን ጨምርበት። ከዚያ ስፔሰር ያስፈልግህ እንደሆነና ስንት ሚሊ እንደሆነ አብረን እናሰላለን።