እንቁራሪት ትፀንሳለች?

አንድ የሥነ ሕይወት መምህር እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «"የእንቁራሪት ፅንስ" ብዬ ሳስተምር አንድ ተማሪ "እንቁራሪት ትፀንሳለች እንዴ?" አለኝ። መልስ አጣሁ። "ሽል" ልበል? ለጆሮዬ ግን ሻከረኝ።»

ተማሪዎ ልክ ነው። እኔንም ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ነገር ነው።

ፅንስ ከግእዙ ፀንሰ የወጣ ነው። በፀሐዩ ፀ ነው የሚጻፈው፤ በጸሎቱ ጸ ሲጻፍ ሳይ ያመኛል። ግሡ እናት ይፈልጋል። ፀነሰች ካልን የተሸከመች አለች፣ ማኅፀን አለ። አሁን የእንቁራሪቷን ዕንቁላል እንይ። ብዙዎቹ እንቁራሪቶች ዕንቁላላቸውን ውኃ ውስጥ ይጥላሉ፤ የወንዱም ዘር የሚያገኘው እዚያው ነው። ዕንቁላሉ ላዩ ጠቆር፣ ታቹ ነጣ ያለ ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጥቁሩ አናት አንድ ቀጭን ስርጉድ መስመር ወደ ታች ይወርድና ለሁለት ይከፍለዋል። ሁለተኛው መስመር ያንን አቋርጦ አራት ያደርገዋል። ሦስተኛው አግድም ነው። ከወገቡ ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ ላይ አራት ትንንሽ፣ ታች አራት ትልልቅ ሕዋሳት ይሆናሉ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ጠቅላላ መጠኑ አይጨምርም። የሚሸከመው ማኅፀንም የለም። ታዲያ ማን ፀነሰ እንበል?

ሽል እንዲህ አያስጨንቅም። የሚጠራው ያልተወለደውን ራሱን ነው። ዕብራይስጡ ሺልያ፣ ዐረብኛው ሰላ የእንግዴ ልጅ ማለት ናቸው፤ ሽልን የነሱ ዘመድ አድርጌ ነው የማየው። «እንግዴ ልጅስ ከማኅፀን አይደለም ወይ?» ብትሉኝ፣ ነው፤ አማርኛው ግን ያንን ትርጉም አልያዘም። ሻከረኝ ላሉት ደግሞ፣ የጥንት ግሪኮች ኤምብሪዮን (ሽል ማለት ነው) የሚለውን ቃል ገና ለተወለደ ጠቦትም ይሉት ነበር። ዛሬ የዓለም ሳይንስ የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው።

«ፅንሰ ሐሳብ ስንል ማኅፀኑ የታለ?» የሚሉ አሉ። ጠንካራ ክርክር ነው። ግን እዚያ አእምሮ እንደ እናት ተቆጥሯል። ውኃን እናት ያደረገ ሰው አላየሁም።

ይሁንና መጽሐፉም ሐኪሙም ጋዜጣውም ፅንስ ይላል። የዶሮ ፅንስ ሲባልም ግር የሚለው ሰው የለም። ቅር እያለኝም ቢሆን ተቀብያለሁ። እርስዎም ፈተና ላይ ፅንስ ብሎ ለጻፈ ማርክ አይቀንሱበት። ሽል ብሎ የጻፈውን ግን አደራ፣ በቀይ እንዳያሰምሩበት።